የደከመ አእምሮና የጓሮ አትክልት

«ጸልይ፣ ይለፍልሃል።» ከጥቂት ዓመታት በፊት እንቅልፍ ባጣሁበት ወቅት ከወንድሞችና ከእህቶች ደጋግሜ የሰማሁት ምክር ይህ ነበር። ምክሩ ስሕተት አልነበረበትም፤ እኔም ጸልያለሁ። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሳይ አድሬ ጠዋት ለጸሎት ስንበረከክ ሐሳቤ እረኛ እንደሌለው መንጋ ይበተንብኝ ነበር። ስልክ ሲጮኽ እደነግጣለሁ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ማንም እንዳያናግረኝ ቶሎ እወጣለሁ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ በትዕግሥት አዳመጠኝ፣ መድኃኒት አዘዘልኝ፣ ከዚያም ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ግቢያችሁ ውስጥ አፈር አለ?»

ነበረን። ከኩሽናው ጀርባ አመድና የተሰበረ ብሎኬት የሚጣልባት፣ ከአንድ አልጋ ብዙም የማትሰፋ ቦታ ነበረች። ያቺን ቦታ ጠርጌ፣ ቆፍሬ፣ ቆስጣ ዘራሁባት። ቆስጣው አልፈወሰኝም። ሕክምናዬንም ጸሎቴንም አልተካም። ነገር ግን በዚያ ዓመት ካቆሙኝ ነገሮች አንዱ ሆነ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ ስለ ጉዳዩ ብዙ አነበብሁ። ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በታች የማካፍላችሁ ያንኑ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም

በ18ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ብዙ የአእምሮ ሕመምተኞች በሰንሰለት ታስረው፣ በጨለማ ክፍል ተዘግቶባቸው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1790 ሐና ሚልስ የተባለች መበለት በዮርክ ከተማ ወደሚገኝ የሕመምተኞች ማቆያ ገባች። እርስዋ «የወዳጆች ማኅበር» ወይም ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች አባል ነበረች። የእምነት ወገኖቿ ሊጠይቋት ቢፈልጉ ተከለከሉ፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ በዚያው ሞተች። ይህ ነገር ዊልያም ቱክ የተባለውን የሻይና የቡና ነጋዴ እንቅልፍ ነሣው። ከማኅበሩ አባላት ጋር ገንዘብ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1796 በዚያው በዮርክ «ሪትሪት» የተባለውን ቤት ከፈተ። ትርጉሙ «መጠለያ» እንደ ማለት ነው።

እነ ቱክ የታመመው ሰው የእግዚአብሔር መልክ እንዳልጠፋበት ያምኑ ስለ ነበር እንደ ሰው ሊይዙት ወሰኑ። ጥሩ ምግብ፣ ደግ ንግግር፣ ንጹሕ አየርና ሥራ ሰጡት። ከሥራዎቹ ዋነኛው ደግሞ የአትክልትና የእርሻ ሥራ ነበር። በሰንሰለት ፋንታ ዶማና መኮትኮቻ ተሰጠው ማለት ነው።

ከዚህም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1812 አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ስለ አእምሮ ሕመም በጻፈው መጽሐፍ አንድ የሚገርም ነገር አስፍሯል። እንጨት በመፍለጥ፣ እሳት በማንደድና አትክልት በመቆፈር የሚያግዙት ድኻ ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ ሲሻላቸው፣ በማዕረጋቸው ምክንያት ከእጅ ሥራ ነጻ የሆኑት ግን በዚያው ሆስፒታል ሲማቅቁ አይቷል። በፊላደልፊያም የወዳጆች ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. በ1817 የዮርኩን የመሰለ ሆስፒታል ከፍተው በ1879 ለሕመምተኞቹ የሚያገለግል የመስተዋት ዕፅዋት ቤት ሠሩለት።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት በምክንያት ነው። በአገራችን የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው በቤት ውስጥ ማሰር እስከ ዛሬ አልቀረም። እኛም አማኞች ነን የምንል አንዳንድ ጊዜ ሕመምተኛውን በገመድ ባናስረውም በቃል እናስረዋለን። «እምነትህ ቢጠነክር ኖሮ» እንለዋለን። እነዚያ ክርስቲያኖች ግን ለተጨነቀው ሰው መጀመሪያ ክብርን፣ ቀጥሎም አንድ መደብ አፈር ሰጡት።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ከልምድ አልፎ ነገሩን በጥናት ለመፈተን የተነሡም ብዙ ናቸው። ከታወቁት ውስጥ ሦስቱን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ሮጀር ኡልሪች እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ጥናት ነው። በፔንሲልቫንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሰዎችን መዝገብ አነጻጸረ። ግማሾቹ ከአልጋቸው ሆነው በመስኮት ዛፍ ያያሉ፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ ያያሉ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እነዚህ ሰዎች አትክልቱን አልነኩም፤ አዩት እንጂ።

ሁለተኛው በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ነው። አትክልት የሚያለሙ 30 ሰዎች በመጀመሪያ የሚያስጨንቅ የአእምሮ ፈተና ተሰጣቸው። ከዚያም ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ በአትክልት ቦታቸው ሠሩ፤ ግማሾቹ በቤት ውስጥ ተቀምጠው አነበቡ። ኮርቲሶል የተባለው ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር በሁለቱም ወገን ቀነሰ፤ በአትክልተኞቹ ግን የበለጠ ቀነሰ። ደስታቸውም ወደ ቀድሞው ቦታው ተመለሰ።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ፣ በኮነቲከት የአረጋውያን መኖሪያ የተደረገ ነው። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን ለሁለት ወገን አረጋውያን አንዳንድ ተክል ሰጡ። አንደኛውን ወገን «ተክሉን የምትንከባከቡት እናንተ ናችሁ፤ ስለ ኑሯችሁም ራሳችሁ ወስኑ» አሏቸው። ሌላውን ወገን «ነርሶቹ ያጠጡላችኋል» አሏቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። እርግጥ ልዩነቱን ያመጣው ተክሉ ብቻ አልነበረም፤ በራስ የመወሰን ዕድልም ተጨምሮበታል። ቢሆንም ትምህርቱ ትልቅ ነው። ተክል አጠገባችን መቀመጡ አንድ ነገር ነው፤ ተክሉ እኛን መጠበቁ ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አፈር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ድብርትን ያጠፋል» የሚል ወሬ በየቦታው ይነገራል። የወሬው መነሻ በዋናነት በአይጦች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ነው። ከአይጥ ተነሥቶ ስለ ሰው እርግጠኛ ሆኖ መናገር ተገቢ አይደለም።

ታዲያ የአትክልት ሥራ እንዴት ይረዳል?

1. የደከመውን ትኩረት ያሳርፋል። ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ስንሠራ፣ ስንነዳ፣ ስክሪን ላይ ስናፈጥ የምንጠቀምበት ትኩረት እንደ ጡንቻ ይደክማል። ቅጠል፣ ወፍና ውሃ ግን ዓይናችንን ሳያስገድዱ ይስባሉ። አእምሮ ሳይተኛ የሚያርፈው በዚያን ጊዜ ነው። ጎመን ስኮተኩት ስለ ነገ ማሰቤን ለማቆም አልታገልኩም፤ አረሙን ከችግኙ ለመለየት ስጠነቀቅ ነገ ራሱ ለጊዜው ተረሳ።

2. ሰውነትን ያንቀሳቅሳል። መቆፈር፣ ውሃ መሸከም፣ ጎንበስ ቀና ማለት መጠነኛ ስፖርት ነው። የጠዋት ብርሃን ደግሞ ሰውነታችን የቀንና የሌሊት ሰዓቱን እንዲያስተካክል ስለሚረዳ ለእንቅልፍ ይጠቅማል። የተጨነቀ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ውስጥ ይኖራል፤ ሥራው ወደ እጁና ወደ እግሩ ይመልሰዋል።

3. ለቀኑ መልክ ይሰጠዋል። በድብርት (አሁን አሁን ድባቴ እየተባለ በሚጠራው) ውስጥ ያለ ሰው ቀኑ ሁሉ አንድ ይሆንበታል። ከአልጋ ለመነሣት ምክንያት ያጣል። ችግኝ ግን ጠዋት ውሃ ይፈልጋል። ትንሽ ነው፤ ግን ምክንያት ነው።

4. ድርሻችንን ይለይልናል። እኔ ከሁሉ በላይ የተጠቀምኩት በዚህ ነው። ጭንቀት በአብዛኛው በእጃችን የሌለውን ነገር በእጃችን ለማድረግ የምንታገለው ትግል ነው። አትክልተኛ ይቆፍራል፣ ይዘራል፣ ያጠጣል፤ እዚያ ላይ ያቆማል። ዘሩን ማብቀል አይችልም። ቡቃያውን ቢጎትተው ይነቅለዋል እንጂ አያሳድገውም። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ነገር ይማራል፤ የሚሠራው ነገር እንዳለና የማይሠራው ነገር እንዳለ።

በእስር ቤት የተተከለ ቲማቲም

ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና እንደ ወሰደ ብዙዎቻችን እናውቃለን። በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ ተያዘ፤ ከዚያም 27 ዓመት ታሰረ። በሮበን ደሴት እስር ቤት ግቢ ውስጥ አትክልት ለማልማት ለዓመታት ጠይቆ በመጨረሻ ተፈቀደለት። መሬቱ ድንጋያማ ስለ ነበር ድንጋዩን እየነቀለ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ፖልስሙር ወደሚባል እስር ቤት ሲዛወር ደግሞ አፈር የሌለበት የሲሚንቶ ጣሪያ ጠበቀው። 16 የዘይት በርሜሎች አስመጥቶ ለሁለት አስሰነጠቀና በአፈር የተሞሉ 32 ትልልቅ ማሰሮዎች አደረጋቸው። ከዚያ የሚለቀመው አትክልት ለእስረኞች ወጥ ቤት ይሄድ ነበር፤ ለጠባቂዎቹም ያካፍል ነበር።

በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚገልጸው፣ በእስር ቤት ሰው ሊያዝበት ከሚችለው ጥቂት ነገር አንዱ አትክልት ነበር። በአንድ ወቅት በጥንቃቄ ያሳደጋት የቲማቲም ተክል ጠውልጋ እንደ ሞተችበት፣ ሥሯን አጥቦ እንደ ቀበራትም ይናገራል። ስለዚህችው ተክል ለባለቤቱ በደብዳቤ ጻፈላት፤ የትዳራቸው ነገር በዚያ ታይቶት ነበር። አትክልቱ ከእስር አላወጣውም፤ ሐዘኑንም አልሸሸገለትም። ነገር ግን ሐዘኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ሰጠው።

ቃሉ ምን ያሳየናል?

በዘፍ. 2፥15 ሰው ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ተቀመጠ። ይህ የሆነው ከውድቀት በፊት ነው። ስለዚህ አፈር መንካት እርግማን አይደለም። እርግጥ በምዕራፍ 3 እሾህና አሜከላ ተጨምሯል። ተባይ፣ ድርቅና በረዶ ይመጣሉ፤ አትክልት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1ኛ ነገሥት 19 ነቢዩ ኤልያስ ሞትን እስኪመኝ ድረስ በደከመ ጊዜ እግዚአብሔር ወቀሳ አላስቀደመም። አስተኛው፤ በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፤ ደግሞም አስተኛው። ንግግሩ የመጣው በኋላ ነው። ሥጋችን ሲደክም መንፈሳችን ብቻውን ይቆማል ብለን የምናስብ ይህን ምዕራፍ ደግመን ብናነብ መልካም ነው።

በኤር. 29፥5 ነቢዩ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ አትክልት እንዲተክሉና ፍሬውን እንዲበሉ ይነግራቸዋል። ሰዎቹ ዛሬ ነገ እንመለሳለን እያሉ ልባቸው ተንጠልጥሎ ነበር። መትከል ግን እግርን ካለበት ቦታ ላይ ያኖራል። በስደት የምትኖሩ ወገኖች ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

በማር. 4፥26-29 ደግሞ ጌታ ስለ አንድ ገበሬ ይናገራል። ሰውየው ዘርቶ ይተኛል፤ ይነሣል፤ ዘሩ እንዴት እንደሚያድግ ሳያውቅ ያድጋል። ምሳሌው የተነገረው ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ነው። እንቅልፍ አጥቶ ለነበረ ሰው ግን «ይተኛል» የሚለው ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

አያቶቻችን ያውቁት የነበረ

ይህ ነገር ከውጭ የመጣ አይምሰላችሁ። በወላይታ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጉራጌ፣ በሐድያ ያደጋችሁ ከቤት ጀርባ ያለውን እንሰት ታስታውሳላችሁ። እናቶቻችን የበረቱን ፍግ በየጠዋቱ ተሸክመው ሥሩ ላይ ያኖራሉ። እንሰት ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ጓሮው ውስጥ ትንሹም መካከለኛውም የደረሰውም ጎን ለጎን ይቆማል። እንሰት የሚተክል ሰው ዘንድሮ ስላልበላው አይጨነቅም፤ ተራው ይደርሳል። ወደ ከተማ ስንመጣ ያጣነው ጓሮውን ብቻ ሳይሆን ይህንን የመጠበቅ ልማድም ይመስለኛል።

ከየት ልጀምር?

ሰፊ ቦታ አያስፈልግም። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በረንዳ ይበቃዋል። ያረጀ ባልዲ፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ከሥሩ ቀዳዳ አብጅቶ መጠቀም ይቻላል። ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳልና ቀዳዳው አይረሳ። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር ይደባለቅ። ትኩስ ፍግ ግን ተክሉን ያቃጥላል።

ለጀማሪ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ጥሩ ናቸው። ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ የውጪውን ቅጠል እየቀጠፋችሁ የመሐሉን ብትተዉት ደግሞ ያቆጠቁጣል። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ከጎረቤት በተቆረጠ ቅርንጫፍ ሊተከሉ ይችላሉ። ይህም ጎረቤት ለማናገር ምክንያት ይሆናል። ውሃው ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን፤ አትክልት ያጠባችሁበት ውሃም ያገለግላል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ከተሞች ትንንሽ የአትክልት ቦታ በዓመት ያከራያሉ፤ በአካባቢያችሁ ጠይቁ። በጀርመን ይህ ልማድ ከ150 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ግን ግቢ የላትም፤ ምናልባትም የዕረፍት ቀን የላትም። በባዶ ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለች አንዲት ራስ ሽንኩርት በመስኮቷ ላይ ብታቆጠቁጥላት ግን የራሷ የሆነ፣ እርስዋን የሚጠብቅ ነገር አላት።

መጠኑን አታብዙት። መጀመሪያ ሦስት ባልዲ ይበቃል። ሌላ ሸክም፣ ሌላ የውድድር ሜዳ ከሆነ ጥቅሙ ይቀራል። ተክሉ ቢሞት እንደገና ዝሩ። የእኔ የመጀመሪያው ቆስጣ ግማሹ በቀንድ አውጣ አልቆ ነበር።

ማስጠንቀቂያ

በመጨረሻ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የአትክልት ሥራ ሕክምናን አይተካም። ሐዘኑ ወይም ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ይልቁንም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ። መድኃኒት የጀመረ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ። ለዚህ ማፈር የለብንም፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ጄሶ በማድረጉ አያፍርምና።

ለአጥቢያ ሽማግሌዎችም አንድ ሐሳብ አለኝ። ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ግቢዎቻችን ከአጥር ሥር ባዶ መሬት አላቸው። እዚያ ጥቂት መደብ ተዘጋጅቶ ጡረተኛው፣ ሥራ ያጣው፣ ሐዘንተኛዋ መጥተው ቢኮተኩቱ መልካም ይመስለኛል። ለብዙ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «ምን ሆነሃል?» ተብሎ መጠየቅ ይከብደዋል። ጎን ለጎን ሆኖ አረም እየነቀሉ ሲሆን ግን ወሬው ራሱ ይመጣል።

እኔ ዛሬ እንቅልፍ እተኛለሁ። አንዳንድ ሌሊት ያ የድሮው ፍርሃት ይጎበኘኛል። ሲነጋ ከኩሽናው ጀርባ እሄዳለሁ፤ ውሃ አጠጣለሁ፤ የደረሰውን እቀጥፋለሁ፤ ያልደረሰውን እተወዋለሁ። ከዚያ ገብቼ እጸልያለሁ።

ጌታ የደከሙትን ሁሉ ያበርታ። ሰላም ሁኑ።